የጣሰው በሬ

ቦንጋ፣ ሰኔ 23 ቀን 1977 ዓ.ም.

ለተወደድሽው እህቴ፣

እንደምን ከርመሻል? ጉልበትሽን የሚቆረጥምሽ ነገር ተሻለሽ ወይስ እንደ አምናው ነው? ልጆችሽ ዓለሙና ማሙሽ ደህና ናቸው? እናንተ ጋ ዋጫ ላይ ዝናቡ ዘንድሮ ቀድሞ ገባ፣ ቡናውም አበባውን በደንብ ያዘ ብለው መንገደኞች ነግረውኝ ደስ ብሎኛል። እኔ ፈጣሪ ይመስገን በሕይወት አለሁ። ትንሽ ሳል ይዞኛል እንጂ የሚወራ ሕመም የለብኝም።

የወረቀቱ ጫፍ ርሶ፣ ቀለሙም እዚህም እዚያም ተዘርግቶ ብታዪ ይቅርታ አድርጊልኝ። ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ የቆሸሸ ደብተር የያዘ ተማሪ ሳቆም የኖርኩ ሰው እንዲህ ያለ ደብዳቤ መላኬ ያሳፍረኛል። ሁለት ጊዜ ገለበጥኩት፤ ሁለቴም እንዲሁ ሆነብኝ። ሦስተኛ ወረቀት አላባክንም ብዬ ተውኩት።

ደብዳቤውን የሚያመጣልሽ አምባው የሚባል ጎረቤቴ ነው። ከብት እየነዳ እስከ ዋጫና ከዚያም ወዲያ የሚመላለስ፣ የታመነ ሰው ነው። በፖስታ ያልላክሁት ስለ ጸሎት ቤታችን ስለምጽፍ ነው፤ ለምን እንደሆነ አንቺም ታውቂዋለሽ። አምባው ከደብዳቤው ሌላ በእጁ ስቦ የሚያመጣውን ነገር ቀድመሽ ታይዋለሽ። ስለ እሱ መጨረሻ ላይ እጽፋለሁ። ነገርን በቅደም ተከተሉ ካልሆነ መናገር እንደማልችል አንቺ ከማንም በላይ ታውቂያለሽ።

አንድ ልመና አለኝ። ፊደል ያስቆጠርኩሽ እኔ ነኝና ቀስ እያልሽም ቢሆን ራስሽ አንብቢው። ለዓለሙ አንብብልኝ ብለሽ አትስጪው። ከጨረስሽው በኋላ ብትነግሪውም ባትነግሪውም ያንቺ ፈቃድ ነው።

ባለፈው ግንቦት የቀበሌው ሰዎች የጸሎት ቤታችንን ቆርቆሮ አወረዱት። በ1971 ከታሸገ ወዲህ የቀበሌው ዕቃ ማስቀመጫ ሆኖ እንደነበር ሰምተሻል። አሁን ደግሞ ከወሎ ለመጡት ሰፋሪዎች የእህል መጋዘን ሊሠራበት ነው ተባለ። ለተራበ ሰው እህል መጠለያ ከሆነ ይሁን፤ በዚህ ቅሬታ የለኝም። ሄጄ ቆሜ አየሁ። ቆርቆሮው ሲመታ እያንዳንዱን በቀይ ቀለም ከሥሩ ቁጥር የጻፍኩበት እኔ ነበርኩ፤ የትኛው ከየትኛው ቀጥሎ እንደሚመታ አናጢው እንዳይሳሳት ብዬ። ያ ቁጥር አልጠፋም። እየተገለበጠ በወረደ ቁጥር የእጅ ጽሕፈቴን አየሁት።

እዚያ ቆሜ ሳለሁ አንድ ሰው አጠገቤ መጥቶ፣ ‹‹መምህር፣ የጣሰው በሬ ወረደ አይደል?›› አለኝ። ዞር ብል ወልደአማኑኤል ነው። ያ ቡና ነጋዴ፣ ስሙ በተነሳ ቁጥር ፊትሽን የምታዞሪበት። ሱቁ ከታሸገና ሦስት ዓመት ታስሮ ከወጣ ወዲህ የገበያው ዳር ላይ ጨውና ክብሪት ይቸረችራል። ልብሱ አልቋል፤ ጥርሱም ግማሹ የለም። ሳቁ ግን ያው የድሮው ነው። ያን ዕለት የነገረኝን በኋላ እጽፍልሻለሁ። ይህን ደብዳቤ ያስጀመረኝ ግን እርሱ ነው።

ወደ 1969 ልመልስሽ፤ ገና ወደ ዋጫ ሳትሄዱ፣ እዚሁ ቦንጋ አጠገብ ስትኖሩ።

በዚያ ዓመት የጸሎት ቤታችን ክዳን ሣር ነበር። የቦንጋን ዝናብ ታውቂዋለሽ፤ ሰው የሚዘምረው ጭንቅላቱ ላይ ጋቢ ጥሎ ነበር። ቆርቆሮ እንግዛ ተባለ። ሰው ከመኸሩ ያመጣው ስጦታ ለጸሎት ቤቱ ገቢ ሲጫረት ከፍ ያለ ዋጋ ሰጥቶ የሚገዛው ወልደአማኑኤል ብቻ ስለነበረ፣ ሽማግሌዎቹ አስቀድሞ ምስክርነት ይስጥ፣ የሌላውም ልብ ይነሣሣል አሉ። እሱ ደግሞ ንግግር እንጂ ጽሕፈት አይሆንለትም። ጻፍለት ተብዬ ሱቁ ሄድኩ።

ለጸሎት ቤቱ አንድ በግ በሰጠ በዓመቱ ንግዱ እጥፍ ድርብ እንደሆነ ነገረኝ። እኔ ደግሞ እንደ ልማዴ በየትኛው ወር፣ በምን ምክንያት ብዬ ጠየቅሁት። ከት ብሎ ሳቀና፣ ‹‹መምህር፣ ደግሞ እንደ ተማሪ ሊፈትኑኝ ነው? በዚያ ዓመት ሚዛን ቀየርኩ። አዲሱ ሚዛን ለገበሬው ትንሽ ይከብደዋል፣ ለእኔ ትንሽ ይቀለኛል›› አለኝ። ብዕሬን አስቀመጥኩ። ‹‹ምነው ቆሙ? ይጻፉት እንጂ! ሚዛኑንስ የሰጠኝ ማን ሆነና?›› ብሎ እንደገና ሳቀ።

እህቴ፣ ሚዛኑን አልጻፍኩትም። ‹‹አንድ በግ ሰጠሁ፤ ጌታ ሱቅ ሙሉ አድርጎ መለሰልኝ›› ብዬ ጻፍኩ። ከሥሩም ስለ መቶ እጥፍ የሚናገረውን የወንጌል ቃል ጨመርኩበት። እዚያው ቃል ውስጥ ‹‹ከስደት ጋር›› የሚል አለ። እሱንም ዘለልኩት። አንዲት አራት ነጥብ የረሳ ልጅ ማርክ የምቀንስ ሰውዬ ነኝ፤ ሚዛኑንና ስደቱን ግን ቆርቆሮው ይበልጥብኛል ብዬ አወጣኋቸው።

ባልሽ ጣሰው ያን ምስክርነት ሦስተኛው ወንበር ላይ ተቀምጦ ሰማው። እንዴት እንደሚሰማ ታውቂያለሽ፤ አፉን ትንሽ ከፍቶ፣ እንደ ሕፃን። መሬት ለአራሹ ታውጆ የራሱን ማሳ ባገኘ በሁለተኛ ዓመቱ ነው። አንዱን በሬ ከገብረኪዳን በሬ ጋር አቀናጅቶ በመቀናጆ ያርስ ነበር። ምስክርነቱ ሲያልቅ ወደ እኔ መጥቶ፣ ‹‹መምህሬ፣ በግ ለሰጠ ሱቅ ከሆነ፣ በሬ ለሰጠ ምን ይሆን?›› አለኝ። የሚቀልድ መሰለኝ። ሁልጊዜ ይቀልድብኝ ነበርና። ‹‹አንተ ስትጸልይ እንኳ ነጥብ ታደርጋለህ›› ይለኝ የነበረውን አልረሳሁም። ስለዚህ በቀልድ መለስኩለት፤ ‹‹አንድ መቶ በሬ ነዋ! ማባዛት አላስተማርኩህም?›› አልኩት።

በሚቀጥለው እሁድ በሬውን ስቦ መጣ።

አንቺ ያን ዕለት አልነበርሽም፤ ማሙሽ በትኩሳት ተይዞብሽ ቤት ቀርተሽ ነበር። ስለዚህ የሆነውን እንዳየሁት ልጻፍልሽ። እስከ ዛሬ ያወቅሽው ከእኔ አፍ የሰማሽውን ብቻ ነውና።

ጨረታውን የምጠራው እኔ ነበርኩ። ማር፣ ቅቤ፣ ቆጮ፣ ዶሮ፣ በቁና ቡና ወጣ። ሰው ደስ ብሎት ነበር። አንዲት ዶሮ ‹‹ሁለተኛ!›› ብዬ ልጠራ ስል ጠረጴዛዬ ላይ ዕንቁላል ጣለች። ‹‹ዕንቁላሉ የማን ነው?›› ብለው ሴቶቹ በሳቅ ፈረሱ። እኔ ሳልስቅ፣ ጨረታው ስላልተዘጋ ዕንቁላሉ የጸሎት ቤቱ ነው ብዬ ወሰንኩና ለብቻው አጫረትኩት። ይህን የምነግርሽ እንድትስቂ ብቻ አይደለም። በምን ዓይነት ሰው ፊት በሬው እንደቀረበ እንድታውቂው ነው።

ከዚያ በፊት የነበረውን ልማድ ታስታውሺያለሽ። ድሃ ሰው የማይችለውን ሲያመጣ፣ የገዛው ሰው ዋጋውን ከፍሎ ‹‹ያዘው፣ አንተው ጠብቅልኝ›› ብሎ ይመልስለት ነበር። ገንዘቡ ለጸሎት ቤቱ ይቀራል፤ ዶሮይቱ ወደ ቤቷ ትሄዳለች። ማንም ተጎድቶበት አያውቅም። እኔን ግን መዝገቡ አስቸገረኝ። አንዲት ዶሮ በሦስት እሁድ ሦስት ጊዜ ተጽፋ ሳገኛት ተናደድኩ። ከጨረታው አራት ሳምንት በፊት ሰባት አንቀጽ ያለው ደንብ ጽፌ ግድግዳው ላይ ለጠፍኩ። አምስተኛው ‹‹የተሸጠ አይመለስም›› ይላል።

በሬው ቀረበ። ወልደአማኑኤል አንድ ዋጋ ጠራ፤ የተወዳደረው የለም። ሦስት ጊዜ ጠርቼ ዘጋሁ። ያን ጊዜ ወልደአማኑኤል ተነሥቶ በሬውን አየ፣ ጣሰውን አየ፣ አንገቱን አከከና፣ ‹‹በሉ ባለቤቱ ይዞት ይሂድ። አንድ በሬ ያለውን ሰው በሬ ወስጄ የት እደርሳለሁ? ይረስበት›› አለ።

አዎ፣ እሱ ነው ያለው። ሴቶቹ እልል አሉ።

እኔ በማስመሪያዬ ጠረጴዛውን መታሁ። አምስተኛውን አንቀጽ አነበብኩ። ‹‹የተመለሰ ስጦታ ስጦታ አይባልም›› ብዬም ከራሴ ጨመርኩበት። እትዬ የሺሃረግ ከሴቶቹ ወገን፣ ‹‹አንተ መምህር፣ ደንቡ ለሰው ነው ወይስ ሰው ለደንቡ?›› ብለው ጮኹ። ‹‹እትዬ የሺሃረግ፣ መናገር ሲፈልጉ እጅዎን ያውጡ›› አልኳቸው። ሰው ሳቀ። ወልደአማኑኤል ትከሻውን ሰብቆ ተቀመጠ። ጣሰው የበሬውን ግንባር አንድ ጊዜ ዳሰሰና ገመዱን ለሱቁ ሠራተኛ ሰጠው። ወደ እኔም ዞር ብሎ ፈገግ አለ። ያ ፈገግታ ምን ማለት እንደነበረ ስምንት ዓመት አሰብኩ። ቂም ቢኖርበት ይሻለኝ ነበር።

ለምን እንዲያ አደረግክ ብትዪኝ ቆርቆሮው አንድ ምክንያት ነው። እውነተኛው ግን ደንቡ አዲስ ነበር። አዲስ ቢላ የያዘ ሰው የሚቆርጠው ይፈልጋል።

ያን ዕለት ወደ ማታ ቤቴ መጣሽ። በእናታችን ቋንቋ የለመንሽኝን በአማርኛ ልጽፈው ሞክሬ አልሆነልኝም። አንዱን ብቻ ልጻፍ፤ ‹‹ጋሼ፣ አንተ ካልክ ይመልሱታል›› አልሽኝ። እኔ ምን አልኩ? በሬው አሁን የወልደአማኑኤል ነው፣ እሱን ጠይቂ አልኩሽ። ሄድሽ። እሱም ‹‹ወንድምሽን ጠይቂ›› ብሎ መለሰሽ። እያለቀስሽ ተመልሰሽ ደጄ ላይ ቆመሽ፣ ‹‹ሀብታሙ ቀለደብኝ፣ በድህነቴ ቀለደብኝ›› አልሽ። እንዳልቀለደ አውቅ ነበር። እውነቱን እንደነገረሽ አውቅ ነበር። እኔም ‹‹አይዞሽ፣ ጌታ መቶ እጥፍ ይመልስልሻል›› ብዬ ሸኘሁሽ። በሬው በሳምንቱ ወደ ጅማ ተነዳ።

እስከ ዛሬ ድረስ የረገምሽው እሱን ነው፤ እኔም ስትረግሚው ዝም ብዬ ሰማሁ።

የጸሎት ቤቱ ሰዎች ለምን አልነገሩሽም? የወንድምሽን ነገር በፊትሽ ማንሣት ነውር ሆኖባቸው ነው። ጣሰው ለምን አልነገረሽም? ይህን ሳስብ እንቅልፍ ያጣሁባቸው ቀኖች ብዙ ናቸው። ወንድሟን እንዳትጠላ ብሎ ይመስለኛል። ሌላ ምክንያት ፈልጌ አላገኘሁም።

ከዚያ ያለውን አንቺ ከእኔ ይልቅ ታውቂዋለሽ። ገብረኪዳን ሌላ መቀናጆ ፈለገ፤ በእሱ አይፈረድም። ጣሰው ማሳውን በዶማ ቆፈረ፤ ሩቡን ሳይደርስ ዝናቡ ቀደመው። ጠዋት ጠዋት በር ላይ ቆሞ መንገዱን ያይ ነበር ያልሽኝን አልረሳም። በሬ በገመድ የሚመጣለት ይመስል። በሚቀጥለው ዓመት በወጣትነቱ ትቶት የነበረውን ገመድ አውጥቶ ጫካ ገባ፤ ቀፎ ሊሰቅል። በአርባ አምስት ዓመቱ! አብሮት የነበረው ሰው እንደነገረኝ ዛፉ ላይ ሲወጣ ያፏጭ ነበር። ‹‹መቶው ከላይ ነው መሰለኝ፣ እኔ መሬት መሬቱን አያለሁ›› ብሎ እየሳቀ ነው የወጣው አለኝ።

ከዛፉ ወድቆ ሞተ ተባልኩና ለቀብሩ መጣሁ። ልታቅፊኝ መስሎኝ እጄን ስዘረጋ፣ ‹‹መምህር፣ መቶው የት አለ?›› አልሽኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ጋሼ ብለሽኝ አታውቂም። አባታችን ከሞተ ጀምሮ የጠራሽኝ በዚያ ስም ነበር።

አሁን ማንም የማያውቀውን ልጻፍ። ክዳኑ በበሬው ገንዘብ ከተመታ በኋላ ዘጠኝ ቆርቆሮ ተረፈ። ሽማግሌዎቹ ለጸሐፊያችን ድካም ብለው ለእኔ ሰጡኝ። በመዝገብ አስገብቼ፣ ፈርሜ ወሰድኩ። ምንም ያልተገባ ነገር አልነበረበትም። የመኝታ ክፍሌን መታሁበት። የቀረውን ቤት ደግሞ በየዓመቱ ከደሞዜ እየገዛሁ ጨረስኩ። ከቀብሩ በኋላ ልጆቹን ይዘሽ ሁለት ሌሊት ያደርሽው በዚያ ክፍል ነው። ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድብ አድሮ ጠዋት፣ ‹‹ይህ ቤት ሰው አያስተኛም፣ እንዴት ትችለዋለህ?›› ብለሽኝ ነበር። ለመድኩት አልኩሽ። እውነትም ለምጄው ነበር።

ወደ ወልደአማኑኤል ልመለስ። ባለፈው ግንቦት ቆርቆሮው ሲወርድ አብረን ቆመን ሳለ፣ እንደ ማጽናናት ይሁን እንደ መወንጀል፣ ‹‹ሀብትህ ሁሉ ሄደ፣ እግዚአብሔር ሰጠኝ ስትል ነበር፣ አሁንስ ምን ትላለህ?›› አልኩት። አልተቆጣም። ‹‹መምህር፣ እኔ ስስታም ነኝ። ሚዛኑንም ያውቁታል። ያ ሀብት ከእግዚአብሔር ይሁን ከሚዛኑ ዛሬም አልለየሁም። አንድ ነገር ግን አውቃለሁ። በዕድሜዬ አንድ ቀን፣ አንድ ቀን ብቻ፣ እጄን እሱ ሲፈታው ተሰማኝ። ያን እሁድ። እርስዎ መልሰው ዘጉት›› አለኝ። ከዚያ ጨውና ክብሪቱን ተሸክሞ ሄደ።

ቤቴ ገብቼ ተኛሁ። ዘነበ። ሌሊቱን ሙሉ ዘጠኙን ቆርቆሮ ከሌላው ለይቼ ሰማኋቸው።

እህቴ፣ በዚህ ዕድሜዬ ልስበክልሽ አልፈልግም። ግን ያስተማርኩትን ማረም ልማዴ ነውና አንድ እርማት ልጻፍ። ሀብት የእግዚአብሔር ሞገስ ምልክት ነው ብለን አስተማርን፤ ያጣም ሰው እምነቱ ጎድሎ ነው ብለን ባንልም አስባልን። እግዚአብሔርን ነጋዴ አደረግነው፤ እኔ ደግሞ የሱቁ ጸሐፊ ሆንኩ። ጣሰው ግን ነጋዴ አልነበረም። ምስክርነቱ ቢያሳስተውም፣ በሬውን ሲሰጥ ያየሁት ፊት ትርፍ የሚጠብቅ ሰው ፊት አልነበረም። ለሚወደው ሰው ጥሩውን የሚሰጥ ሰው ፊት ነበር። ያንን ስጦታ የተቀበለው አለ ብዬ አምናለሁ። ይህን ማመን ካቆምኩ የሚቀረኝ ነገር የለም። እኔ ያጠፋሁት ግን በእሱ ስም አይሸፈንም።

አሁን አምባው የያዘውን ልጻፍ። ዳማ በሬ ነው፤ ስድስተኛ ዓመቱን ይዟል። የግራ ቀንዱ ጫፉ ትንሽ ተሰብሯል፤ ሌላ ነውር የለበትም። ቀንበር ለምዷል፤ በቀኝ በኩል ሲጠመድ ይሻለዋል። ውሃ ሲሻገር ያመነታል፤ አትምቱት፣ ቀድማችሁ ግቡና ይከተላችኋል። ለሦስት ቀን በገበያ አይቼ፣ ጥርሱን ቆጥሬ፣ ሁለት አራሽ አስመስክሬ ነው የገዛሁት። ከየት አመጣኸው አትበይኝ። ከማንም አልተበደርኩም፤ የማንም እጅ የለበትም። ዓለሙ በዶማ ትከሻው እንደጎበጠ ሰምቻለሁ። ከጎረቤት አቀናጅቶ ለዚህ ክረምት ይድረስበት።

ለልጆቹ ‹‹መቶ እጥፉ መጣ›› እንዳትዪያቸው። እለምንሻለሁ። አንድ በሬ ተወስዶ ነበር፤ አንድ በሬ ተመለሰ። እሱም ለሞተ ሰው ዘግይቶ። ከዚህ በላይ ማንም እንዳይጨምርበት።

እንዳትመልሺውም። አምስተኛው አንቀጽ አሁንም ይሠራል።

ይቅርታሽን በደብዳቤ አልጠይቅም፤ መልስም አልጠብቅም። አንድ ነገር ብቻ። አምባው ሲመለስ ስለ እኔ ጤና ጠይቀሽ እንደሆነ፣ በምን ስም እንደጠየቅሽ እጠይቀዋለሁ። ቃል አይጨምርም፣ አይቀንስም። ስለ ቤቴ የሚያወራልሽን ግን አትስሚው፤ በዚያ ላይ ማጋነን ይወዳል። እኔ ተመችቶኛል። አሁን ከላዬ ያለው ሣር እንደ ቆርቆሮው አይጮህም። እንቅልፍም ከስምንት ዓመት በኋላ ተመልሶልኛል፤ የሚያነቃኝ አልፎ አልፎ ጠብታው ብቻ ነው።

ወረቀቱ እየራሰብኝ ስለሆነ እዚህ ላይ ላቁም። ማሳሽ ይታረስልሽ፤ ልጆችሽ ይደጉልሽ፤ የጣሰው አጥንት በሰላም ይረፍ። ያላየሽውን በደል ያየልሽ አምላክ ያጣሽውንም እሱ ራሱ ይካስሽ፤ በእሱ ልክ እንጂ በእኔ ስሌት አይሁን።

ድሮ ጋሼ ትዪው የነበረው፣
ወንድምሽ